አንዲት መለያ ስትጠፋ

እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2023 የሬዲት መሐንዲሶች ድረ ገጹን ከሚሸከሙት የኩበርኔትስ ክላስተሮች አንዱን ከ1.23 ስሪት ወደ 1.24 ሊያሸጋግሩ ተርሚናላቸውን ከፈቱ። እንዲህ ያለው ሽግግር ለቡድኑ እንግዳ አልነበረም። የዚያን ቀኑ ግን በተጀመረ በደቂቃዎች ውስጥ ድረ ገጹን ይዞት ወደቀ። የክትትል ሰሌዳዎቹ መረጃ ማሳየት አቆሙ፤ በክላስተሩ ውስጥ ያሉት ፕሮግራሞች እርስ በርስ መገናኘት አቃታቸው። ሬዲት ተመልሶ እስኪቆም 314 ደቂቃ ፈጀ። አሜሪካኖች ወሩን አስቀድመው ስለሚጽፉ ቀኑ 3/14፣ የፓይ ቀን ነበር፤ የደቂቃው ቁጥር ከቀኑ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው።

ቡድኑ በኋላ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ጽፎ ለሕዝብ አወጣው። ክላስተር ላይ ሥራ ለሚጀምር ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የማስነብበው ያንን ጽሑፍ ነው። የትዕዛዝ ዝርዝር ሸምድዶ የመጣ ሰው በየቀኑ የሚጽፋቸው ቃላት ከበስተጀርባቸው ምን እንደሚያንቀሳቅሱ ከዚያ የተሻለ የሚያሳየው ነገር አላገኘሁም።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ዛሬ አንድ ትልቅ ድረ ገጽ አንድ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ አንድ ፕሮግራም አይደለም። ብዙ ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ እያንዳንዳቸው ከሚያስፈልጋቸው ፋይል ሁሉ ጋር ኮንቴይነር ውስጥ ታሽገው፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተበትነው ይሠራሉ፤ እነዚህ ሰርቨሮች በአንድነት ክላስተር ይባላሉ። ኮንቴይነርን ለተራው ፕሮግራመር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዶከር ነው። ኮንቴይነሩ ሲበዛ ታዲያ የትኛው የት ይቀመጥ፣ የወደቀውን ማን ያንሳው የሚል ጥያቄ መጣ። ጉግል ለዚህ ጥያቄ ቦርግ የሚባል የራሱ የውስጥ ሥርዓት ነበረው፤ ከዚያ ልምድ በመነሳት ኩበርኔትስን ሠርቶ በ2014 ለሁሉም ክፍት አደረገው። 1.0 ስሪቱ በጁላይ 2015 ወጣ። አሁን ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድረው ክላውድ ኔቲቭ ኮምፒውቲንግ ፋውንዴሽን ነው።

ሰው ከክላስተሩ ጋር የሚነጋገረው ኩብሲቲኤል በሚባል የትዕዛዝ መሣሪያ ነው። ትዕዛዞቹ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ቢሆንም እዚህ የጻፍኳቸው በሥራ ቦታ በአፍ እንደምንጠራቸው ነው። ጀማሪዎች «ኩብሲቲኤል አፕላይ» ብለው ፋይል ሲልኩ ፕሮግራሙን ራሳቸው ያስነሱት ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። ፋይሉ ላይ «የዚህ ፕሮግራም ሦስት ቅጂ ይኑር» የሚል ፍላጎት ተጽፏል። ትዕዛዙ ይህን ፍላጎት ኤፒአይ ሰርቨር ለተባለው ክፍል ያደርሳል፤ እሱም ላኪው ፈቃድ እንዳለውና ፋይሉ በትክክል እንደተጻፈ አይቶ ኢትሲዲ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ «ዲፕሎይመንት ክሪኤትድ» የሚል መልስ የሚመጣው ያኔ ነው። በዚያች ቅጽበት ገና ምንም የተነሳ ፕሮግራም የለም። የተደረገው ነገር ምዝገባ ነው።

ሥራው ከዚያ በኋላ ይጀምራል። ተቆጣጣሪ ክፍሎቹ የተመዘገበውን ፍላጎትና መሬት ላይ ያለውን ያስተያያሉ፤ ሦስት ተብሎ ዜሮ ካገኙ ሦስት ፖድ እንዲኖር ይመዘግባሉ። ፖድ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ኮንቴይነር የሚይዝ ትንሹ የሥራ አሃድ ነው። ስኬጁለሩ እንደ ድግስ አጋፋሪ የየሰርቨሩን ክፍት ቦታ እያየ ለእያንዳንዱ ፖድ መቀመጫ ይሰጣል። በየሰርቨሩ ላይ ያለው ኩብሌት ደግሞ የተመደበለትን አይቶ ኮንቴይነሩን ያስነሳል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ማንም ማንንም በቀጥታ አያዝዝም፤ ሁሉም መዝገቡን እያየ የራሱን ድርሻ ይሠራል። ይህን የተረዳ ሰው ብልሽት ሲገጥመው «ትዕዛዜ ለምን አልሠራም?» ማለቱን ይተውና «ሰንሰለቱ የት ላይ ቆመ?» ብሎ ይጠይቃል።

በአንድ ምሽት መገናኛ አካባቢ ለሲኬኤ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች በሚለማመዱበት ክፍል ተቀምጬ ነበር። ሲኬኤ የኩበርኔትስ አስተዳዳሪነት የምስክር ወረቀት ነው። የምርጫ ጥያቄ የለውም፤ ተፈታኙ ሁለት ሰዓት ተሰጥቶት እውነተኛ ክላስተር ላይ በትዕዛዝ የተበላሸ ያስተካክላል፣ የጎደለ ይሞላል። ለማለፍ 66 በመቶ ያስፈልጋል። ከአጠገቤ የነበረችው ልጅ ላፕቶፗ ላይ በተከለችው ትንሽ ክላስተር የጃቫ ፕሮግራም ለማስነሳት ስትታገል ቆይታለች። «ኩብሲቲኤል ጌት ፖድስ» ስትል ሬዲ በሚለው ዓምድ 0/1፣ ስታተስ በሚለው ክራሽሉፕባክኦፍ፣ ሪስታርትስ በሚለው 4 ይላል።

«ጋሼ፣ ባጠፋሁት ቁጥር ተመልሶ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ይወድቃል» አለችኝ።

ፖዱን ደጋግማ ዲሊት አድርጋዋለች። ዲፕሎይመንቱ፣ ማለትም በፋይሉ የተመዘገበው ፍላጎት፣ አንድ ቅጂ ይኑር ስለሚል፣ አንዱ በጠፋ ቁጥር ሌላ፣ የስሙ ጭራ ብቻ የተለየ ፖድ በሰከንዶች ውስጥ ይተካል። ችግሩ የተጻፈው ፋይሉ ላይ ነውና አዲሱም እንደ አሮጌው ይወድቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በእያንዳንዱ ማጥፋት ማስረጃውም አብሮ መጥፋቱ ነው።

«ማጥፋቱን ተይውና ጠይቂው። ዲስክራይብ በይው።»

«ኩብሲቲኤል ዲስክራይብ ፖድ» ረጅም ጽሑፍ ያወርዳል። ብዙ ሰው ርዝመቱን አይቶ ያልፈዋል። የሚፈለገው መሃል ላይ ላስት ስቴት ከሚለው ሥር ነበር፦ ምክንያት ኦኦኤምኪልድ፣ የመውጫ ኮድ 137። ትንሽ ወረድ ብሎ የሜሞሪ ጣሪያ 128 ሜጋባይት ይላል። ልጅቷ ከሆነ ቦታ የገለበጠችው ፋይል ላይ የነበረ ቁጥር ነው። 137 ደግሞ ከየትም የመጣ አይደለም። ሊነክስ ላይ በምልክት የተገደለ ፕሮግራም የመውጫ ኮዱ 128 ሲደመር የምልክቱ ቁጥር ነው፤ 9 ይግባኝ የሌለው የመግደያ ምልክት ነው። ፕሮግራሙ ከተፈቀደለት ሜሞሪ ሲያልፍ ከርነሉ ራሱ ገደለው። ጣሪያውን የሚያስከብረው ሲግሩፕስ የተባለው የሊነክስ ክፍል ነው፤ የጉግል መሐንዲሶች በ2006 ጀምረውት በ2008 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ኩበርኔትስ ከመኖሩ ብዙ ዓመት በፊት የተሠራ ነገር ዛሬ መገናኛ ላይ የልጅቷን ፖድ ይገድላል።

«ሎጉንስ እንየው?» አለች።

«ኩብሲቲኤል ሎግስ» ብቻ ብትል የምታየው ገና የተነሳውን ኮንቴይነር ሎግ (ፕሮግራሙ ራሱ የሚጽፈውን የሥራ ማስታወሻ) ነው። የሞተውን ለማየት «--ፕሪቪየስ» መጨመር አለባት። ጨመረች። ጽሑፉ ፕሮግራሙ በመነሳት ላይ እያለ ድንገት ይቆረጣል፤ የስህተት መልእክት የለም። በ9 የተገደለ ፕሮግራም የመጨረሻ ቃል ለመጻፍ ጊዜ አይሰጠውም። ሎጉ ዝም ማለቱ በራሱ ማስረጃ እንደሆነ ስትረዳ ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ለእኔም ተረፈ።

በወደቀና በተነሳ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ መሄዱም ግራ አጋብቷት ነበር። ኩብሌቱ ሆን ብሎ የሚያደርገው ነው፤ መጀመሪያ 10 ሰከንድ፣ ከዚያ 20፣ 40 እያለ እየታጠፈ እስከ አምስት ደቂቃ ይጠብቃል። ስለዚህ አንዱን ስህተት አስተካክሎ ፖዱ ወዲያው አልነሳም ብሎ ሌላ ነገር መነካካት ያልተበላሸውን ማበላሸት ነው። ሌላም የጊዜ ነገር አለ፦ ኢቨንትስ የሚባሉት የክላስተሩ የክስተት ማስታወሻዎች ማንም ካልቀየረው የሚቆዩት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ሌሊት የወደቀውን ጠዋት ሊመረምር የሚመጣ ሰው ዲስክራይብ ቢል ግርጌው ባዶ ይሆንበታል።

ልጅቷ ፋይሉን ከፍታ 128ን 512 አደረገችው። አፕላይ ከማለቷ በፊት «ኩብሲቲኤል ዲፍ» እንድትል ነገርኳት። ዲፍ በፋይሉና በክላስተሩ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ አውጥቶ ያሳያል፤ አንድ መስመር ልቀይር ብሎ የሄደ ሰው ስምንት መስመር ሊቀይር እንደነበር የሚያውቀው እዚያ ነው። ከዚያ አፕላይ፣ ከዚያ «ኩብሲቲኤል ሮልአውት ስታተስ»። የመጨረሻው ትዕዛዝ አዲሱ ቅጂ በትክክል እስኪነሳ አብሮ ይጠብቃል፤ ተመዘገበና ተሠራ የሚለያዩበትን ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው። የተላከው ነገር ካላማረ «ሮልአውት አንዱ» ወደ ቀድሞው ይመልሳል፤ ዲፕሎይመንት ሌላ ካልታዘዘ አሥር የቀድሞ ስሪቶቹን ያስታውሳል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ክላስተሩ የሚናገርበት ብልሽት ነው። ፖድ ሲወድቅ ቢያንስ ስሙና ምክንያቱ ስክሪን ላይ ይወጣል። እኔን የሚያስፈራኝ ክላስተሩ ምንም የማይልበት ነው፤ ሬዲትንም የጣለው ያ ነበር።

በኩበርኔትስ ውስጥ ነገሮች የሚገናኙት ሌብል በሚባል መለያ ነው። ፖዶች ይሞታሉ፣ ስማቸውና አድራሻቸው ይቀያየራል፤ ስለዚህ ማንም ማንንም በስም አይፈልግም። ሰርቪስ የሚባለው የትራፊክ መግቢያ «አፕ=ክፍያ የሚል መለያ ያላቸውን ፖዶች ሁሉ» ይላል እንጂ አድራሻ አይዘረዝርም። ይህ ውብ ሐሳብ ነው፤ ፖዶቹ ሺህ ጊዜ ቢተካኩም ሰርቪሱን የሚነካው የለም። ፖዶቹ ላይ ያለው መለያ «ክፍያ»፣ ሰርቪሱ የሚፈልገው ደግሞ «ክፍያዎች» ሆኖ ቢገኝስ? ፖዶቹ አረንጓዴ ናቸው። ሰርቪሱ አለ፣ አድራሻም አለው። ሎጉ ላይ ስህተት የለም፣ ኢቨንትስ ላይ ማስጠንቀቂያ የለም። ደንበኛው ብቻ መልስ አያገኝም። ለክላስተሩ ምንም ያልመረጠ መራጭ ትክክለኛ መራጭ ነው፤ ዛሬ የሚመጥን የለም፣ ነገ ሊመጣ ይችላል ብሎ ይጠብቃል።

ይህን የሚያወጡ ትዕዛዞች ሁለት ናቸው። «ኩብሲቲኤል ጌት ፖድስ --ሾው-ሌብልስ» ፖዶቹ በእውነት የተሸከሙትን መለያ ያሳያል። «ኩብሲቲኤል ጌት ኢንድፖይንትስላይስስ» ደግሞ ከሰርቪሱ በስተጀርባ ያሉትን እውነተኛ አድራሻዎች ይዘረዝራል፤ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ነገሩ ታወቀ። ኔትወርኩ፣ ፋየርዎሉ፣ ዲኤንኤሱ ሲጠረጠር ሰዓታት ከማለፋቸው በፊት ይህች አንዲት መስመር ብትቀድም ስንት ምሽት በተረፈ ነበር።

ወደ ሬዲት ልመለስ። ክላስተራቸው ፖዶችን የሚያገናኘው ካሊኮ በተባለ የኔትወርክ ሶፍትዌር ነው። ትልቅ ክላስተር ላይ እያንዳንዱ ኖድ (የክላስተሩ ሰርቨር) ለእያንዳንዱ ሌላ ኖድ መንገዱን ይንገር ቢባል ግንኙነቱ ከልክ በላይ ይበዛል፤ ስለዚህ ጥቂት ኖዶች መንገድ አከፋፋይ ተደርገው ተመርጠው ነበር። የተመረጡት በምን ነው? በመለያ። «ማስተር» የሚል መለያ ያላቸው ኖዶች ያከፋፍሉ ይላል አወቃቀሩ። የኩበርኔትስ ፕሮጀክት ደግሞ ከ1.20 ጀምሮ ይህን ቃል ሊያስቀር እንደሆነ አስታውቆ በምትኩ «ኮንትሮል-ፕሌን» የሚል መለያ አስገብቷል፤ በ1.24 አሮጌውን መለያ ጨርሶ አነሳው። ሽግግሩ መለያውን ከኖዶቹ ላይ አወለቀ። መራጩ ግን «ማስተር» እያለ መፈለጉን ቀጠለ። ያገኘው የለም። መንገድ አከፋፋይ የሚባል ኖድ በክላስተሩ ውስጥ አልቀረም፤ መንገዶቹ ተነሱ፤ ኔትወርኩ ጠፋ። ማንም ሶፍትዌር ተሳሳትኩ አላለም።

ለምን አስቀድሞ አልታየም? ቡድኑ ራሱ በግልጽ የጻፈው ምክንያት ከመለያው ይልቅ ይቆጠቁጣል። መንገድ አከፋፋዮቹን ያዋቀሩት ሰዎች ከዓመታት በፊት የነበሩ ናቸው፤ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውረዋል፣ ወይም ድርጅቱን ለቀዋል። አወቃቀሩም ሌሎች ነገሮች በሚጠበቁበት የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም። በካሊኮ የራሱ መሣሪያ ወርዶ፣ በእጅ ታርሞ፣ ተመልሶ የተሰቀለ ነበር። በሌላ አነጋገር ሰው ተርሚናል ላይ ቁጭ ብሎ በትክክል የሠራው ሥራ ነው፤ ያን ቀን ሠርቷል፣ ለዓመታትም ሠርቷል። ከሰውየው ጋር የሄደው ዕውቀቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ «ኩብሲቲኤል ኤዲት» የሚባለውን ትዕዛዝ አልወደውም። ክላስተሩ ውስጥ ያለውን በቀጥታ ከፍቶ ያሳርማል፤ ፈጣን ነው፤ በአደጋ ሰዓት ሕይወት ያድናል። በማግስቱ ግን ፋይሉ አንድ ነገር ይላል፣ ክላስተሩ ሌላ። ቀጥሎ የሚመጣው ባልደረባ ፋይሉን አምኖ አፕላይ ሲል የሌሊቱን ማስተካከያ ሊያጠፋው ይችላል። ማንበብ በእጅ፣ መለወጥ በፋይል ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፋይሉም ሌላ ሰው አይቶ የሚያጸድቀው ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

የት እንደቆሙ ማወቅም ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ መሐንዲስ ብዙ ጊዜ የሙከራውንም የእውነተኛውንም ክላስተር ቁልፍ በአንድ ላፕቶፕ ይይዛል፤ ትዕዛዙ ወደየትኛው እንደሚሄድ የሚወስነው ኮንቴክስት የሚባል ቅንብር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። በ2018 ስፖቲፋይ ውስጥ አንድ መሐንዲስ የሙከራ ክላስተር ሊሰርዝ ብሎ እውነተኛውን ሰረዘ። ያ የሆነው በተርሚናል አልነበረም፤ ብሮውዘር ላይ የተከፈቱ ታቦች ተምታተውበት ነው። ክላስተሩን መልሶ ለመትከል ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጀ። በኋላም ክላስተሮቹን በኮድ ማስተዳደር ሲጀምሩ እንደገና ስረዛ ደረሰባቸው። አድማጮቻቸው ግን አልተነኩም፤ አገልግሎቶቹ ወደ ኩበርኔትስ የተዛወሩት በከፊል ስለነበር አሮጌው ሥርዓት ተሸከማቸው። መሐንዲሱ ራሱ በ2019 ባርሴሎና በተደረገው የኩብኮን ጉባኤ ላይ ቆሞ ለሁሉም አስረዳ። ለዚያ ድፍረት ትልቅ አክብሮት አለኝ። «ኩብሲቲኤል ኮንፊግ ከረንት-ኮንቴክስት» ብሎ ለማየት ሰከንድ አይፈጅም፤ የክላስተሩን ስም የተርሚናሉ መስመር ላይ ሁልጊዜ እንዲታይ ማድረግ ደግሞ ከዚያም ይሻላል።

ሰርቨር ለጥገና ሲወጣ የሚሠራው ሥራ ባለሙያውን ከጀማሪው ይለያል። «ኮርደን» ኖዱ አዲስ ፖድ እንዳይቀበል ይዘጋል፤ «ድሬን» ያሉትን ያስወጣል፤ ጥገናው ሲያልቅ «አንኮርደን» ይከፍታል። ድሬን ጨዋ ትዕዛዝ ነው። ለእያንዳንዱ ፖድ እንዲሰናበት ጊዜ ይሰጣል፣ በተለምዶ 30 ሰከንድ፤ የፕሮግራሙ ባለቤቶች «ከዚህ ቁጥር በታች አትውረዱብን» ብለው የመዘገቡትን ገደብም ያከብራል። ስለዚህ አንዳንዴ ይቆማል፤ ያው መልእክት ይደጋገማል፤ ኖዱ አይለቅም። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ሁለት ቅጂ ያለው ፕሮግራም ሁለቱም ሁልጊዜ ይኑሩ የሚል ገደብ ተጽፎለት ነው። መፍትሔው ቅጂውን መጨመር ወይም ባለቤቶቹን ማነጋገር ነው። የቸኮለ ሰው ግን «--ፎርስ» ይጨምራል፤ እሱ ያንን ገደብ አያልፍም። የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ምንም ተቆጣጣሪ የሌላቸውን፣ ማንም የማይተካቸውን ፖዶች ያጠፋል። አንድ ባልደረባ ለሙከራ በእጁ ያስነሳው ፖድ ካለ በዚያው ይሄዳል።

ሬዲት የዳነው በምትኬ ነው። ኩበርኔትስ ከ1.24 ወደ 1.23 የሚመለስበት የተፈቀደ መንገድ የለውም፤ የቀረው ምርጫ ክላስተሩን ከመጠባበቂያ ቅጂ መልሶ መትከል ነበር። ቅጂው ነበራቸው። የአመላለሱ መመሪያ ግን ክላስተሩ ዶከርን በሚጠቀምበት ዘመን የተጻፈ ሆኖ ተገኘና ድረ ገጹ ወድቆ እያለ እየታረመ ተሠራበት። «ኢትሲዲሲቲኤል ስናፕሾት ሴቭ» የክላስተሩን መዝገብ በአንድ ፋይል ያስቀምጣል፤ ይህን ብዙ ቡድን በየሌሊቱ በራሱ እንዲሠራ አድርጎታል። ያንን ፋይል ሌላ ቦታ ላይ መልሶ ከፍቶ ያየ ቡድን ግን ስንቱ ነው?

ይህን ታሪክ የሰሙ አንዳንድ ቡድኖች ሽግግርን ፈርተው ባለበት ማቆየትን መርጠዋል። ኩበርኔትስ ግን በዓመት ሦስት ስሪት ያወጣል፤ አንዱ ስሪት የጥገና ድጋፍ የሚያገኘው ለ14 ወር ያህል ነው። ኩብኤዲኤም በተባለው የመትከያ መሣሪያ የተተከለ ክላስተር ደግሞ ከዚያም ቀድሞ የሚደርስ ቀነ ገደብ አለው፦ የውስጥ ክፍሎቹ እርስ በርስ የሚተዋወቁባቸው ሰርተፊኬቶች አንድ ዓመት ብቻ ያገለግላሉ። ቀኑ ሲያልፍ የተነሱት ፖዶች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ ደንበኛም ላያውቅ ይችላል። ኩብሲቲኤል ግን ከኤፒአይ ሰርቨሩ የሚያገኘው የሰርተፊኬት ስህተት ብቻ ይሆናል፤ አዲስ ፖድ መትከልም፣ የወደቀ ኖድ ላይ የነበረውን ማዛወርም አይቻልም። «ኩብኤዲኤም ሰርትስ ቼክ-ኤክስፓይሬሽን» የቀረውን ቀን ለእያንዳንዱ ሰርተፊኬት ለይቶ ያወጣል፤ «ኩብኤዲኤም ሰርትስ ሪኒው ኦል» ያድሳቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የኮንትሮል ፕሌን ክፍሎቹ (ኤፒአይ ሰርቨሩ፣ ተቆጣጣሪዎቹ፣ ስኬጁለሩና ኢትሲዲ) እንደገና መነሳት አለባቸው። በየጊዜው ስሪት ለሚያሻሽል ቡድን እነዚህ ትዕዛዞች ላያስፈልጉት ይችላሉ፤ ሽግግሩ ራሱ ሰርተፊኬቶቹን አብሮ ያድሳል። የሚያስፈልጉት ክላስተሩን ከዓመት በላይ ላልነካው ነው።